የባሕር ሙላት ቀጠሮ አያፈርስም፤ ተዋዋዮቹስ?

ዕቃው በጊዜው ያልደረሰለት ነጋዴ የመዘግየትን ዋጋ ከማንም ሊማር አያስፈልገውም። ለበዓል ያዘዘው ሸቀጥ በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደብ ሲገባ፥ የገዛበት ዋጋ ርካሽ ነበር ብሎ አይጽናናም። በንግድ ሥራ ርካሽነት አንድ ነገር ነው፤ ቀንን ጠብቆ መድረስ ሌላ ነገር ነው፤ ለሁለቱም ገዢ ይከፍልባቸዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ይህንኑ እውነት ስለሚፈትን አንድ አዲስ ንግድ ነው፤ ይኸውም ከባሕር ሙላትና ጕድለት የኤሌክትሪክ ኃይል አውጥቶ ስለ መሸጥ ነው።

አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትምና ይህ ነገር ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም ማንም ሰው በባሕር ውስጥ የሚሠራ መኪና ይግዛ ብለን አንመክርም። ነገር ግን በስኮትላንድና በካናዳ ጠረፍ ላይ የታየው ሙከራና ኪሣራ፥ አዲስ ሸቀጥ ወደ ገበያ የሚያወጣውን ሰው ሁሉ፥ ለእርሱም ዕቃና ጕልበት በዱቤ የሚሰጠውን ሁሉ የሚመለከት ትምህርት አለበት። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፥ ጉዳዩን ከሥሩ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ስለ ባሕሩ አሠራር

ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው የውቅያኖስን ውሃ ይጐትታሉ፤ ምድርም በዛቢያዋ ላይ ትዞራለች፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ጠረፎች ላይ ውሃው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ሙላቱ ይበረታል፤ ግማሽ በሆነች ጊዜ ይደክማል። አካሄዱ በስሌት የሚደረስበት ስለ ሆነ፥ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የብሪታንያ ሊቅ ገና በ1870ዎቹ ዓመታት የሙላትን ሰዓት አስቀድሞ የሚያሰላ መኪና አሠርቶ ነበር። ዛሬም መርከበኞች የመላውን ዓመት ሙላት አስቀድሞ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ያነባሉ። ነፋስ በሚመጣው ሳምንት ይነፍስ እንደ ሆነ በእርግጥ የሚናገር የለም፤ የባሕር ሙላት ግን የዛሬ ዓመት በዚህች ቀን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከአሁኑ ይታወቃል።

ከዚህ ኃይል ኤሌክትሪክ የሚወጣባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ወንዝ ግድብ የባሕርን በር መገደብ ነው። ፈረንሳይ በብሪታኒ አውራጃ በራንስ ወንዝ አፍ ላይ በ1966 የመረቀችው ግድብ ለዚህ ምስክር ነው፤ እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ኪሎዋት የሚሰጡ 24 ተርባይኖች አሉት፤ በጠቅላላው 240 ሺህ ኪሎዋት ማለት ነው። በዓመት 500 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል። በላዩም መንገድ ስለ ተዘረጋበት መኪና ያልፍበታል። ደቡብ ኮሪያም በሲህዋ ሐይቅ ላይ 254 ሺህ ኪሎዋት የሚሰጥ ተመሳሳይ ሥራ በ2011 አቁማለች። ሆኖም የባሕርን በር መዝጋት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የዓሣውንና የደለሉንም አካሄድ ያውካል። በዌልስ በስዋንሲ ወደብ አጠገብ በ1.3 ቢሊዮን ፓውንድ ሊሠራ ታስቦ የነበረውን የባሕር ግድብ የእንግሊዝ መንግሥት በ2018 ዋጋው አያዋጣም ብሎ አልተቀበለውም።

ሁለተኛው መንገድ ግድብ የሌለበት ነው። የነፋስ መዘውር የሚመስል ተርባይን በባሕር ወለል ላይ ወይም በተንሳፋፊ አካል ላይ ይተከላል፤ የሚፈሰው ውሃ ክንፎቹን ያዞራል፤ ኃይሉም በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ወደ የብስ ይመጣል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፥ ትንሽ መዘውር ብዙ ኃይል ይሰጣል። በተጨማሪም የውሃው ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለሱቅ ሰው የሚበዛበትን መንገድ እንደሚመርጥ ሁሉ፥ ይህን ሥራ የሚጀምር ኩባንያም ውሃ የሚጨናነቅበትን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ይመርጣል። እንደዚህ ያለው ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፤ ያለውም ቢሆን ውሃው እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ለሠራተኛም ለመኪናም ምቹ አይደለም።

የካናዳው ኪሣራ

በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ የሚገኘው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በዓለም ላይ ከፍተኛው ሙላት የሚታይበት ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በጠባቡ መተላለፊያ ውሃው በሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሮጣል። ሀብቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፥ ሥራው ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስት ጊዜ ተሰናክሏል። የተሰናከለበት ምክንያት በየጊዜው የተለያየ ስለ ሆነ፥ ነጋዴ ሦስቱንም ለያይቶ ሊያያቸው ይገባል።

በ2009 ኦፕን ሃይድሮ የተባለው የአየርላንድ ኩባንያ ከአገሩ የመብራት ኩባንያ ጋራ ሆኖ 1 ሺህ ኪሎዋት የሚሰጥ ተርባይን ባሕር ውስጥ አስቀመጠ። ውሃው ከተገመተው በላይ ስለ በረታ ክንፎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰባበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የመለካት ጥፋት ነበር፤ የመለካት ጥፋት ደግሞ ይታረማል።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። ያው ኩባንያ 2 ሺህ ኪሎዋት የሚሰጥ የጠነከረ ተርባይን ሠርቶ በ2016 አስገባ፤ በ2017 አወጣው፤ በ2018 ሐምሌ ወር እንደ ገና አስገባው። ተርባይኑ ባሕር ከገባ ጥቂት ቀናት እንኳ ሳያልፉ፥ ዋናው ባለአክሲዮን የሆነው የፈረንሳይ የመርከብ ሥራ ድርጅት ገንዘብ መስጠቱን አቆመ፤ ኩባንያውም ሒሳቡ እንዲጣራና እንዲዘጋ ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጀልባና ሠራተኛ አቅርበው የነበሩ ነጋዴዎች ያልተከፈላቸውን ለማስመለስ ሲሉ ተርባይኑን ያስገባው ትልቅ ጀልባ በፍርድ ቤት እንዲያዝላቸው አደረጉ። ተርባይኑም ባለቤት እንደሌለው ዕቃ በባሕሩ ወለል ላይ ቀረ። ልብ በሉ፤ በዚያ ሰሞን ሙላቱ በሰዓቱ ይመጣ ነበር፤ በሰዓቱም ይመለስ ነበር። ያፈረሰው ተዋዋዩ ነው።

ሦስተኛው በ2022 የመጣው ተንሳፋፊ መኪና ነው። ሰስቴነብል ማሪን የተባለው ኩባንያ 420 ኪሎዋት የሚሰጥ መኪና አቁሞ ለኖቫ ስኮሺያ መስመር ኃይል ማቅረብ ጀመረ። ነገር ግን የካናዳ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ክንፎቹ ዓሣን ይጐዱ እንደ ሆነ በበቂ አልታወቀም በማለቱ የሚፈለገው ፈቃድ ስላልተገኘ፥ ኩባንያው በ2023 መኪናውን አነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ለኪሣራ ተዳረገ። ለዓሣ አስጋሪው መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ እርሱም እንደ ማናችንም በሥራው የሚኖር ነጋዴ ነው። ሆኖም ፈቃዱ የሚሰጥበት ወይም የሚከለከልበት ጥያቄ ገንዘቡ ከመፍሰሱ በፊት መመለስ ነበረበት እንጂ፥ መኪናው ከቆመ በኋላ አይደለም። በሰሜን አየርላንድ በስትራንግፎርድ ሰላጤ ከ2008 ጀምሮ 1,200 ኪሎዋት የሚሰጥ ተርባይን ሲተከል፥ የባሕር ውሾች ወደ ክንፎቹ ሲቀርቡ መኪናው እንዲቆም የሚያደርግ መሣሪያና የማያቋርጥ ክትትል ከመጀመሪያው ጋራ አብሮ ተደርጎ ነበር።

የስኮትላንዱ ሒሳብ

በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፥ በዋናው የብስና በስትሮማ ደሴት መካከል፥ ፔንትላንድ ፈርዝ በሚባለው መተላለፊያ ውስጥ ሜይጄን የተባለው ሥራ አለ። እያንዳንዳቸው 1,500 ኪሎዋት የሚሰጡ አራት ተርባይኖች በባሕሩ ወለል ላይ ተተክለዋል። የመጀመሪያው ኃይል የወጣው በ2016 መጨረሻ ሲሆን፥ የ25 ዓመት መደበኛ ሥራው የተጀመረው በ2018 ነው። እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ከ50 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሰጥቷል።

ይህ ቍጥር ለጆሮ ትልቅ ነው፤ ነጋዴ ግን ቍጥርን በጆሮው አይቀበልም። አራቱ ተርባይኖች በአንድነት 6 ሺህ ኪሎዋት ናቸው፤ ዓመቱን በሙሉ ያለማቋረጥ በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ ኖሮ በአንድ ዓመት ብቻ 52 ሚሊዮን ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል በሰጡ ነበር። እንግዲህ የስድስት ዓመት ግድም ፍሬያቸው፥ በወረቀት ላይ ካለው የአንድ ዓመት ችሎታቸው ጋራ የሚተካከል ሆኗል። ለዚህም ምክንያት አለው። ውሃው አቅጣጫውን በሚለውጥበት ጊዜ በቀን አራት ጊዜ ያህል ያርፋል፤ በደካማው ሙላት ሰሞን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከዚህም በላይ ለጥገና ወደ የብስ የወጡ ተርባይኖች ነበሩ። ከባሕር ወለል አንድ መኪና ለማንሣት ትልቅ መርከብ መከራየትና ውሃው የሚያርፍበትን አጭር ሰዓት መጠበቅ ግድ ስለ ሆነ፥ አንዲት ትንሽ ብልሽት እንኳ ብዙ ገንዘብ ትበላለች።

ነገር ግን የመዝገቡን አንድ ገጽ ብቻ አንብቦ መዝጋት ፍርድን ያጐድላል። ከአራቱ ተርባይኖች አንዱ ያልታሰበ ጥገና ሳያስፈልገው ከስድስት ዓመት በላይ በባሕር ውስጥ መሥራቱ በ2025 ተገልጿል። ክንፎቹ በሳምንታት ውስጥ ከተሰባበሩበት ከ2009 ጋራ ስናስተያየው፥ ይህ ትንሽ እርምጃ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስለ ዋጋው

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ደረስን። እንግሊዝ ለአዲስ የኃይል ምንጭ የምትሰጠው ድጋፍ በውል ላይ የቆመ ነው። አምራቾች ዋጋ ያቀርባሉ፤ ለአሸናፊው ለ15 ዓመት የሚጸና ዋጋ ይወሰንለታል፤ የገበያው ዋጋ ከዚህ ዝቅ ሲል ልዩነቱን ከመብራት ተጠቃሚው ሒሳብ ያገኛል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ትርፉን ይመልሳል። እስከ 2019 በነበሩት ጨረታዎች የባሕር ሙላት ኃይል ከነፋስ ኃይል ጋራ በአንድ ሚዛን ይወዳደር ስለ ነበር አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ2021 መንግሥቱ በዓመት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለይቶ አስቀመጠለት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ውል ማግኘት የጀመረው።

ለ1,000 ኪሎዋት ሰዓት የተፈቀደው ዋጋ በ2012 ገንዘብ ተሰልቶ፥ በ2022 ጨረታ 178 ፓውንድ ከ54 ሳንቲም፥ በ2023 ጨረታ 198 ፓውንድ፥ በ2024 ጨረታ 172 ፓውንድ ነበር። በ2022 በባሕር ላይ የሚተከለው የነፋስ መዘውር ዋጋ 37 ፓውንድ ከ35 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ይህም ማለት የባሕር ሙላት ኃይል አምስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በ2024 የነፋሱ ዋጋ ወደ 58 ፓውንድ ከ87 ሳንቲም ስለ ወጣ ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ወረደ፤ የወረደው ግን ባሕሩ ስለ ረከሰ ሳይሆን ነፋሱ ስለ ተወደደ ነው።

ስለዚህ አንድ ብልህ ነጋዴ፥ በሦስት እጥፍ ዋጋ ያው አንድ ዓይነት ሸቀጥ ለምን ይገዛል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሳችን ሸቀጡ ያው አንድ ዓይነት አይደለም የሚል ነው። ነፋስ ሲያርፍ በሰፊ አገር ላይ ባንድነት ያርፋል፤ በዚያን ጊዜ መብራት ሻጩ በጋዝ የሚመነጨውን ኃይል በተገኘው ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የጋዝ ዋጋ በአውሮፓ በናረ ጊዜ ይህ ነገር ስንቱን ቤትና ፋብሪካ እንደ ጐዳ ዓለም አይቷል። የባሕር ሙላትም ያርፋል፤ ነገር ግን የሚያርፍበት ደቂቃ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ምትኩን አስቀድሞ በርካሽ ማዘጋጀት ይቻላል። አንዱ ጠረፍ ሲያርፍም ሌላው ጠረፍ በሥራ ላይ ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በኢትዮጵያ ከሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶው ከዘጠና እጅ የሚበልጠው ከወንዝ የሚገኝ ነው፤ በ2025 መስከረም የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት ጨምሮበታል። ወንዝ ግን ዝናብን ይከተላል። በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ መዘውሮች ሲተከሉ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፥ ወንዝ በሚደክምበት በበጋ ወራት ነፋስ የሚበረታ መሆኑ ነው። ባለወፍጮውና ሥጋ ነጋዴው እንደሚያውቁት፥ መብራት በሄደበት ሰዓት የጠፋው ኃይል በሌሊት ሲመለስ የተበላሸውን ሥጋ አያድንም። ኃይል በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም የሚመዘን ሸቀጥ ነው።

አሳባችን

በእኛ አስተያየት እንግሊዝ ለዚህ ኃይል ትንሽ ድርሻ ለይታ ማስቀመጧ ተገቢ ነው። በ2021 በብሪታንያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፥ ይህ ኃይል ከአገሪቱ ዓመታዊ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከመቶው 11 እጅ ሊሸፍን ይችላል ብሎ ገምቷል። ይህን የሚያህል ሀብት በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ብቻ መዝኖ መጣል፥ ገና ገበያ ያላወቀውን ሸቀጥ በአንድ ሣጥን ሽያጭ እንደ መፍረድ ይቈጠራል። ነገር ግን ድጋፉ ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ ነውና ሦስት ነገሮች ሊከተሉት ይገባል።

አንደኛ፥ ድርሻው የሚሰፋው ዋጋው በእውነት ሲወርድ ብቻ ይሁን። በ2018 ኦፍሾር ሪኒውብል ኢነርጂ ካታፑልት የተባለው የምርምር ተቋም፥ የሚተከለው ኃይል 100 ሜጋዋት ሲሞላ ዋጋው ወደ 150፥ 1,000 ሜጋዋት ሲሞላ ደግሞ ወደ 90 ፓውንድ ሊወርድ ይችላል ብሎ ነበር። በ2022፥ በ2023ና በ2024 የተፈቀደው ሲደመር 120 ሜጋዋት ያህል ነው። ሆኖም ፈቃድ ተርባይን አይደለም፤ ዋጋን የሚያወርደው ባሕር ውስጥ የገባ መኪናና ከእርሱ የተገኘ ልምድ ነው። ስለዚህ ውሉን ተቀብሎ ሳይሠራ የሚቀመጥ ኩባንያ ድርሻውን ለሚሠራ እንዲለቅ ቀኑ ይቈረጥለት።

ሁለተኛ፥ መኪና ወደ ባሕር የሚያስገባ ኩባንያ መኪናውን የሚያስወጣበትንና የአቅራቢዎቹን ዕዳ የሚከፍልበትን ዋስትና አስቀድሞ በባንክ ያስቀምጥ። የካናዳው ታሪክ ያስተማረን ይህን ነው። ትልቁ ባለአክሲዮን በአንድ ቀን ውሳኔ እጁን ሲሰበስብ የተጐዳው ጀልባውን ያከራየው፥ ሠራተኛውን ያቀረበው፥ ደረሰኙን ይዞ የቀረው የጠረፉ ነጋዴ ነው። ለትልቅ ስም በዱቤ መሸጥ ለስም እንጂ ለገንዘብ ዋስትና አለመሆኑን በየአገሩ ያለ ባለሱቅ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፥ መዝገቡ ይከፈት። የእያንዳንዱ ተርባይን ፍሬ በየወሩ፥ ባሕር ውስጥ የቈየበትና ለጥገና የወጣበት ቀን ሳይቀር፥ ገንዘቡን ለሚከፍለው ሕዝብ ይገለጥ። አንድ ዕቃ ችሎታው በመለያው ላይ ይህን ያህል ነው ተብሎ ሲጻፍ፥ የገዛው ሰው በእውነት ስንት እንደ ሠራለት የማወቅ መብት አለው። መዝገብ ቢከፈት እውነተኛው ኩባንያ አይጐዳም፤ እንዲያውም ስድስት ዓመት ያለ ብልሽት የሠራው ተርባይን ስሙን የሚያገኘው በዚሁ መዝገብ ነው።

በአዲስ ንግድ ላይ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ፥ ወይም ለአዲስ ኩባንያ በዱቤ ዕቃ ለመስጠት የተጠየቀ አንባቢያችን፥ ከመፈረሙ በፊት እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ ዋጋው ወዴት ይሄዳል፥ ዋሱ ማን ነው፥ መዝገቡስ ለእኔ ይከፈታል? የፈንዲ ውሃ ዛሬም በሰዓቱ ይሞላል፤ በሰዓቱም ይጐድላል። ከእርሱ ጋራ የሚነግዱ ሰዎች ደግሞ ቃላቸውን እንደ እርሱ በሰዓቱ ሲጠብቁ፥ ያን ጊዜ ዋጋው የሚያዋጣ ይሆናል ብለን እናምናለን።